ስፒከሩን የት ላስቀምጠው? ቡፌ ላይ፣ ጥግ ላይ ወይስ ከግድግዳው ራቅ አድርጌ?

ድምፁ አልጥም ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስፒከር መቀየር ነው። አንዳንዱ አምፕሊፋየሩን ይጠረጥራል። ሌላው ኢኳላይዘሩን ከፍቶ ባሱን እስከ መጨረሻው ይጨምራል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ምንም ወጪ የሌለው ነገር አለ፤ ያለውን ስፒከር ከቦታው ማንቀሳቀስ። ሃምሳ ሴንቲ ሜትር ወደፊት መሳብ አዲስ ዕቃ ከመግዛት የበለጠ ለውጥ የሚያመጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጥያቄው "ወዴት ላንቀሳቅሰው?" የሚለው ነው። እዚህ የማወዳድረው ለሁለት ስፒከር፣ ለግራና ለቀኝ ብቻ ነው። አምስትና ሰባት ስፒከር ያለው ሆም ቲያትር የራሱ ሕግ አለው። ክፍሉ ደግሞ አብዛኞቻችን የምናውቀው የአዲስ አበባ ሳሎን ይሁን፦ የብሎኬት ግድግዳ፣ የሴራሚክ ወለል፣ ባንድ በኩል ሰፊ መስኮት፣ ግድግዳ ተደግፎ የሚዞር ሶፋ፣ ቴሌቪዥን የተቀመጠበት ቡፌ። ለሒሳብ እንዲመቸን ወርዱ 3 ሜትር ተኩል፣ ርዝመቱ 5 ሜትር እንበል።

ለአንድ ሰው ወይስ ለቤቱ ሁሉ?

ሌላው ምርጫ በሙሉ በዚህ ላይ ስለሚንጠለጠል ከዚህ እንጀምር።

ስቴሪዮ ሁለት ስፒከር ብቻ ይዞ ድምፅን በመሃላቸው የሚደረድር ዘዴ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን እ.ኤ.አ. በ1931 የፈጠራ መብት የጠየቀበት ሐሳብ ዛሬም አልተለወጠም። የዘፋኙ ድምፅ ከሁለቱም ስፒከር እኩል ሲወጣ፣ ጆሯችን ዘፋኙ መሃል ላይ ማንም በሌለበት ቦታ የቆመ ይመስለዋል። ይህ የሚሆነው ግን ከሁለቱም ስፒከር እኩል ርቀን ስንቀመጥ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ለአንዱ ስፒከር በ34 ሴንቲ ሜትር ከቀረባችሁ፣ የእሱ ድምፅ አንድ ሚሊ ሰከንድ ቀድሞ ይደርሳችኋል። ለጆሮ ይህቺ ትበቃዋለች። ዘፋኙ መሃሉን ለቅቆ ወደ ቅርቡ ስፒከር ይሄዳል። 34 ሴንቲ ሜትር ደግሞ ሶፋ ላይ ለመጣ ሰው አንድ ጊዜ ጠጋ እንደማለት ነው።

ስለዚህ ማታ ማታ ብቻችሁን ተቀምጣችሁ ሙዚቃ የምትሰሙ ከሆነ ምርጫው ግልጽ ነው። ሁለቱ ስፒከሮችና የእናንተ ወንበር ሦስቱም ጎኑ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን ይሥሩ። በስፒከሮቹ መካከል ያለው 2 ሜትር ከሆነ፣ ከእያንዳንዳቸው እስከ እናንተ ያለውም 2 ሜትር። ትንሽ ብትርቁ አይከፋም። በጣም ስትርቁ ግን ሁለቱ ድምፆች ተጠጋግተው አንድ ስፒከር የምትሰሙ ይመስላችኋል።

ቤታችሁ ቡና የሚፈላበት፣ ሰው ገብቶ የሚወጣበት ከሆነ ግን ይህ ሦስት ማዕዘን ለአንድ ወንበር ብቻ የተሰፋ ልብስ ነው። ለብዙ ሰው የሚሻለው ስፒከሮቹን በደንብ ወደ ውስጥ ማዞር ነው፤ አቅጣጫቸው ከአድማጮቹ ፊት ላይ እስኪሻገር ድረስ። ግራ ጥግ የተቀመጠው እንግዳ ለግራው ስፒከር ይቀርባል፤ ፊቱን ወደ እሱ ያዞረለት ግን የቀኙ ነው። የአንዱ ቅርበት በሌላኛው ጉልበት ይካካሳል። ፍጹም አይሆንም። ግን ሁሉም ሰው ሁለቱንም ወገን ይሰማል።

ሁለቱንም በአንድ አቀማመጥ አገኛለሁ ማለት አይሠራም። በአብዛኛው ማን እንደሚሰማ ለራሳችሁ እውነቱን ንገሩና አንዱን ምረጡ።

አጭሩ ግድግዳ ወይስ ረጅሙ?

ስፒከሮቹን ባለ 3 ሜትር ተኩሉ ግድግዳ ጋ ብታቆሟቸው ድምፁ በክፍሉ ርዝመት ይሄዳል። ከፊታችሁም ከኋላችሁም ቦታ ይኖራል። ጉዳቱ የጎን ግድግዳ መቅረቡ ነው። በስፒከሮቹ መካከል 1 ሜትር ከ90 ብትተዉ በየጎኑ የሚቀረው 80 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

ረጅሙን ግድግዳ ብትመርጡ ጎኑ ሰፊ ይሆናል፣ ድምፁም ይከፈታል። ግን ጥልቀቱ 3 ሜትር ተኩል ብቻ ስለሆነ ስፒከሩም ሶፋውም ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። ጭንቅላታችሁ ግድግዳ ሲነካ ባስ ከልክ በላይ ያብጣል፤ ዝቅተኛ ድምፅ የሚጠራቀመው ግድግዳ ላይ ነውና።

ይህን ትንሽ ላብራራው። እያንዳንዱ ክፍል የሚወዳቸው የባስ ድምፆች አሉ። የድምፅን ፍጥነት ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ ስታካፍሉ የመጀመሪያውን ታገኛላችሁ። ለ5 ሜትር 34 ሄርዝ ገደማ ነው፣ ለ3 ሜትር ተኩል 49 ሄርዝ። (ሄርዝ ማለት ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚነዝር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል።) በእነዚህ ድምፆች ላይ ግድግዳው ዳር ባሱ ይጎላል፣ ልክ መሃሉ ላይ ይጠፋል። ስለዚህ መሃል ክፍል ላይ መቀመጥም ግድግዳ ተደግፎ መቀመጥም ሁለቱም ጫፍ ናቸው። ሙያተኞች እንደ መነሻ የሚጠቀሙበት ልማድ ጆሮን ከክፍሉ ርዝመት 38 በመቶ ላይ ማድረግ ነው። ለ5 ሜትር ክፍል፣ ከኋላ ግድግዳ 1 ሜትር ከ90 ማለት ነው።

ሶፋውን ሁለት ሜትር ወደ መሃል ሳሎን አምጡ ብዬ ቤተሰብ ላጣላ አልፈልግም። ሠላሳ አርባ ሴንቲ ሜትር ወደፊት መሳብም ይሰማል። ካልሆነም ለመስማት ስትፈልጉ ብቻ አንድ ወንበር አምጥታችሁ ተቀመጡና ሲያበቃ መልሱት።

ምርጫዬ? በሩ ካልከለከለ በስተቀር አጭሩ ግድግዳ። ስኩዌር ክፍል ካላችሁ፣ 4 በ4 የሆነ ማለት ነው፣ ሁለቱም አቅጣጫ ያንኑ ድምፅ ስለሚያጎላ ባሱ ያስቸግራል። እዚያ ላይ የትኛውም ግድግዳ ቢሆን ለውጥ የለውም።

ከግድግዳው ምን ያህል?

ትልቁ ልዩነት ያለው እዚህ ነው። ብዙ ሰው ግን ጨርሶ አይነካውም፤ ስፒከሩ ከግድግዳ ተጣብቆ ዕድሜውን ይፈጃል።

ቀጭን ድምፅ እንደ ባትሪ መብራት ነው፤ ወደ ዞረበት ይሄዳል። ወፍራም ድምፅ እንዲያ አይደለም። የ50 ሄርዝ ሞገድ ርዝመቱ ወደ 7 ሜትር ነው። ለእንዲህ ያለ ሞገድ የስፒከሩ ሳጥን ከመጤፍ የሚቆጠር አይደለም፤ ባሱ በፊትም በኋላም በጎንም ይወጣል። ከኋላ የሄደው ግድግዳውን መትቶ ይመለስና ከፊተኛው ጋር ይገናኛል። ሲገናኙ ይረዳዳሉ ወይም ይጣፋሉ። የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ርቀቱ ነው።

የስፒከሩ ፊት ከኋላው ግድግዳ 1 ሜትር ቢርቅ የሚጠፋው ድምፅ 86 ሄርዝ አካባቢ ያለው ነው። በ50 ሴንቲ ሜትር 171 ሄርዝ አካባቢ። በ30 ሴንቲ ሜትር ወደ 286 ይወጣል። ይህ ተራ ቁጥር አይደለም። የወንድ ድምፅ መሠረት በግምት ከ85 እስከ 180 ሄርዝ ባለው ውስጥ ነው። የቤዝ ጊታርም ሰውነቱ ያለው እዚሁ ሠፈር ነው። አንድ ዘፋኝ "ደረቱ የለም" ብላችሁ ካማረራችሁ፣ ጥፋቱ የዘፋኙ ላይሆን ይችላል።

ታዲያ የቱ ይሻላል?

ግድግዳ ላይ ማስጠጋት ለትናንሽ ስፒከሮች ይጠቅማል። ዉፈራቸው፣ ባሱን የሚያወጣው ትልቁ ክብ ማለት ነው፣ አራት ወይም አምስት ኢንች የሆኑት ብቻቸውን ባስ ስለሚያጥራቸው ግድግዳው ያግዛቸዋል። እስከ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ድረስ ሊጨምርላቸው ይችላል፤ ያለ ምንም ኤሌክትሪክ። የሚከፈለው ዋጋ ጥልቀት ነው። መሣሪያዎቹ ሁሉ አንድ መስመር ላይ ይሰለፋሉ፤ ከፊትና ከኋላ የሚባል ነገር ይጠፋል።

ከ50 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ማራቅ ወለል ላይ ለሚቆሙ ትልልቅ ስፒከሮች የተሻለ ነው። ባሳቸው በቂ ስለሆነ እርዳታ አይሹም። ድምፁ ከሳጥኑ ይላቀቃል። ከበሮው ከኋላ፣ ዘፋኙ ከፊት ሆኖ ይሰማል። እኔ ቦታ ካለ ሁልጊዜ ወደዚህ አደላለሁ። ችግሩ ቦታ ነው። ልጆች የሚሯሯጡበት ሳሎን ውስጥ ከግድግዳ አንድ ሜትር ወጥቶ የቆመ ስፒከር ዕድሜው አጭር ነው።

ጥግ ደግሞ አለ። ሁለት ግድግዳና ወለሉ ሲደመሩ ባሱ በጣም ይነሣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰሙት "ዋው" ትላላችሁ። ከሦስት ዘፈን በኋላ ግን ሁሉም ባስ አንድ ዓይነት ጉምጉምታ እንደሆነ ይገባችኋል። በገና ብትከፍቱበት የአውታሮቹ ንዝረት ተድበስብሶ ይቀራል። ለሠርግ ድንኳን ይሆን ይሆናል፣ ለጆሮ ግን አይመከርም። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ከሆናችሁ ደግሞ ጥግ ማለት ከጎረቤት ጋር የምትጋሩት ግድግዳ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሁለት ጥንቃቄ። አንደኛ፣ ከኋላ ግድግዳ ያለው ርቀትና ከጎን ግድግዳ ያለው ርቀት እኩል አይሁኑ። እኩል ከሆኑ ሁለቱም ያንኑ ድምፅ ያጠፉታል፤ ጉድጓዱ ይሰፋል። ጎኑ 80 ከሆነ ኋላው 55 ወይም 60 ቢሆን ይሻላል። ሁለተኛ፣ ስፒከሩ ከኋላው ክብ ቀዳዳ ካለው ከግድግዳ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ተዉለት። ማራቅ ካልቻላችሁና ባሱ ከበዛ ቀዳዳው ውስጥ ለስላሳ ስፖንጅ ወይም ንጹሕ ካልሲ ጠቅልላችሁ ወትፉበት። ሞኝነት ይመስላል እንጂ አንዳንድ አምራቾች ራሳቸው ለዚህ የሚሆን የስፖንጅ ውታፍ ከስፒከሩ ጋር ይሸጣሉ። ውስጥ እንዳይገባባችሁ ብቻ ጫፉን ውጭ አስቀሩት።

ቡፌ፣ ማቆሚያ ወይስ ኮርኒስ ሥር?

ኮርኒስ ሥር ማንጠልጠል ለካፌና ለሱቅ ነው። ዓላማው ድምፅ ለሁሉም እንዲደርስ ነው እንጂ ማንም ቁጭ ብሎ እንዲያጣጥም አይደለም። እንለፈው።

ቡፌ የብዙው ሰው ምርጫ ነው፤ ቦታም አይፈጅም። ሦስት ጣጣ ግን አለው። የቡፌው ሳጥን ራሱ ይንቀጠቀጣል። ውስጡ ያለው ብርጭቆና ሲኒ አብሮ ይዘፍናል። ከስፒከሩ ፊት ያለው የቡፌው ጠረጴዛ ደግሞ ድምፁን ወደ ላይ እያነጠረ ያደፈርሰዋል። ሌላ ምርጫ ከሌላችሁ ስፒከሩን ፊቱ ከቡፌው ጠርዝ ጋር እስኪስተካከል ወደፊት ሳቡት። ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ወይም ላስቲክ አንጥፉ። ብርጭቆዎቹን ወደ ዳር አርቁ ወይም በመካከላቸው ጨርቅ አድርጉ። ዝቅ ያለ የቲቪ ማስቀመጫ ከሆነ ከፊት በኩል በትንሽ ነገር ከፍ አድርጋችሁ ስፒከሩ ሽቅብ ወደ ጆሯችሁ እንዲያይ አድርጉት።

ማቆሚያ ግን ሌላ ነገር ነው። ሕጉ አንድ ነው፦ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ክብ፣ ትዊተሯ፣ ከተቀመጣችሁበት ጆሯችሁ ጋር እኩል ትሁን። ሶፋ ላይ ለተቀመጠ ሰው በአብዛኛው ከወለል 90 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ራሳችሁ ለኩት። በገበያ ላይ ማቆሚያ ውድ ከሆነባችሁ ብረት ሠሪ ዘንድ ሂዱ። ቱቦላሬ ቆርጦ ከላይና ከታች ላሜራ ይበይድላችኋል። ቱቦላሬው ውስጥ ደረቅ አሸዋ ሙሉበት፤ ባዶ ከሆነ እንደ ደወል ያቃጭላል። የታችኛው ላሜራ ሰፊ ይሁን። ሕፃን ያለበት ቤት ከሆነ ደግሞ ወለሉ ላይ በብሎን ቢታሰር ወይም ከግድግዳ ጋር በገመድ ቢያያዝ ይመረጣል፤ ስምንትና አሥር ኪሎ ሳጥን ልጅ ላይ መውደቅ የለበትም።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ በእንጨት ወለል አፓርታማ የምትኖሩ፣ ከማቆሚያው ሥር ሹል ብረት አታድርጉ። ላስቲክ ይሻላል። የእንጨት ወለል ራሱ እንደ ከበሮ ስለሚነዝር ታች ያለው ጎረቤት ከእናንተ ይልቅ ባሱን ይሰማዋል።

ስፒከርን በጎኑ ማስተኛትስ? ለመደርደሪያ ይመቻል ተብሎ ይደረጋል። አታድርጉት። ዉፈሩና ትዊተሩ ጎን ለጎን ሲሆኑ ራሳችሁን ወደ ግራና ቀኝ ባንቀሳቀሳችሁ ቁጥር ድምፁ ይለዋወጣል።

ፊት ለፊት ወይስ ወደ እናንተ ዞሮ?

ሁለቱም ስፒከሮች ቀጥ ብለው ወደፊት ሲያዩ ድምፁ ሰፊና ለስለስ ያለ ይሆናል። ወደ እናንተ ሲዞሩ ዘፋኙ መሃል ላይ ጥርት ብሎ ይቆማል፤ ቀጭኑ ድምፅም ይጎላል። ሴራሚክና መስታወት በበዛበት ቤት ማዞሩን እመርጣለሁ። ቀጭኑ ድምፅ ወደ ጎን ግድግዳ መሄዱ ስለሚቀንስ ጩኸቱ ይረግባል። መነሻ እንዲሆናችሁ፣ ተቀምጣችሁ ስታዩት የስፒከሩ የውስጥ ጎን በጭንቅ እስኪታያችሁ ድረስ አዙሩት። ከዚያ በጆሮ አስተካክሉ። ድምፁ ጆሮ የሚወጋ ከሆነ ትንሽ ፈታ አድርጉት። እንዳልኩት ለእንግዳ የሚሆነው አዟዟር ከዚህም ይብሳል።

የጎን ግድግዳው የት ጋ እንደሚያስቸግር ማወቅ ከፈለጋችሁ መስታወት ይዞ የሚረዳችሁ ሰው ፈልጉ። እናንተ ተቀምጣችሁ እሱ መስታወቱን ግድግዳው ላይ ያንሸራትተው። ስፒከሩ መስታወቱ ውስጥ የታያችሁበት ቦታ ድምፁ ነጥሮ የሚመጣበት ነው። እዚያ ላይ ወፍራም መጋረጃ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ ወይም የግድግዳ ምንጣፍ ይሁን። ከስፒከሮቹና ከሶፋው መሃል ወለሉ ላይም ምንጣፍ አንጥፉ። የእንቁላል ካርቶን ግን አትለጥፉ። በየስቱዲዮው ስለሚታይ ይታመናል እንጂ ባስ ላይ ምንም አይሠራም፤ ቀጭኑ ላይም ከመጋረጃ አይበልጥም።

አንዱ ጎን መስኮት፣ ሌላው ጎን ክፍት ከሆነ

ሳሎናችን ከመመገቢያ ክፍሉ ወይም ከኪችኑ ጋር የተያያዘ ነው ብዙ ጊዜ። አንዱ ስፒከር ጥግ ውስጥ ይገባል፣ ሌላው አጠገቡ ግድግዳ የለውም። ባሱ ወደ ጥጉ ያደላል። በእኔ እምነት ከመጥፎዎቹ ሁሉ የከፋው አቀማመጥ ይህ ነው። ስፒከር ግድግዳ ላይ መለጠፉን ጆሮ ይለምደዋል፤ ግራና ቀኙ የተለያየ ሲሆን ግን መሃሉ ይፈርሳል። ስለዚህ ቦታ ካጠረና አንድ ነገር መሠዋት ካለባችሁ ጥልቀቱን ሠዉ፣ እኩልነቱን ጠብቁ። ሁለቱንም ከጥጉ አርቃችሁ ጠበብ አድርጋችሁ አቁሟቸው። 1 ሜትር ተኩል በመካከላቸው ኖሮ እናንተም ቀረብ ብትሉ፣ ሰፋ ብሎ ከተንጋደደው በብዙ ይበልጣል።

ሰብዉፈር፣ ባስ ብቻ የሚያወጣው የብቻ ሳጥን፣ ካላችሁ እሱ ከዚህ ሕግ ነፃ ነው። ከ80 ሄርዝ በታች ያለ ድምፅ ከየት እንደመጣ ጆሮ በቀላሉ አይለይም። ቦታ የሚፈለግለት በተገላቢጦሽ ነው። ሰብዉፈሩን እናንተ የምትቀመጡበት ቦታ ላይ አድርጉት፤ ባስ ያለበት ዘፈን ክፈቱና ግድግዳውን እየተከተላችሁ በእንብርክክ ዙሩ። ባሱ የተስተካከለና የጠራ የሆነበት ቦታ የሰብዉፈሩ ቦታ ነው። ሰው ሳይኖር አድርጉት፤ ለማስረዳት ያስቸግራል።

መጨረሻ ላይ መፈተኛው። በመጀመሪያ ገመዶቹን እዩ፤ በሁለቱም ስፒከር ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር ጋር ይገናኝ። አንዱ ከተገላበጠ ባሱ ይሳሳል፣ ዘፋኙም የት እንዳለ አይታወቅም፤ ስፒከሩን የትም ብታቆሙት አይስተካከልም። ከዚያ በሞኖ የተቀረጸ የድሮ ዘፈን ክፈቱ። ሞኖ ስለሆነ ከሁለቱም ስፒከር የሚወጣው አንድ ዓይነት ነው። ድምፃዊው ልክ መሃል ላይ፣ ጠበብ ብሎ መቆም አለበት። ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ በሜትር ለኩ፤ ከጆሯችሁ እስከ ሁለቱ ትዊተሮች ያለው ርቀት የአንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ልዩነት ብቻ ይኑረው። መሃል ሆኖ ግን ከተበተነ፣ የጎን ግድግዳዎቹን ተመልከቱ።

አንዱን ቦታ ከሌላው ስታወዳድሩ ዘፈኑም የድምፁ መጠንም አንድ ይሁን። ትንሽ ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ መጀመሪያ ከኋላ ግድግዳ ያለውን ርቀት፣ ከዚያ በመካከላቸው ያለውን፣ አዟዟሩን መጨረሻ ላይ። የወደዳችሁት ቦታ ሲገኝ የማቆሚያውን አራት ማዕዘን ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። ቅዳሜ ቤት ሲጸዳ መነሣታቸው አይቀርም፤ የሚያነሣውም ሰው የት እንደሚመልሳቸው ይወቅ።